እቴጌ ጆዜፊንና ያልተገኘው አልጋ ወራሽ

ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን የሚመረቁት ውለዱ ክበዱ እየተባሉ ነው። ምርቃቱ የደረሰላቸው ልጅ ያቅፋሉ። ያልደረሰላቸው ግን ቤታቸውን ዘግተው የሚያሳልፉትን ኀዘን ከራሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። ከሐኪም ዘንድ ሄደው፣ የታዘዘውን ፈጽመው፣ ቀን ቈጥረውና ተስፋ አድርገው ሲያበቁ፣ ሕክምናው እንዳልሠራ በተነገራቸው ዕለት ለቅሶ የሚደርሳቸው ጎረቤት አይኖርም፤ የሞተ ሰው የለምና። በማግስቱም ከኀዘኑ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። እንደገና ይሞክሩ ወይስ ይብቃቸው? ቢበቃቸውስ ቀጥሎ ምን ያድርጉ?

ይህ ጭንቅ ጎጆና ቤተ መንግሥት አይለይም። ዛሬ ታሪኳን ለአንባብያን የምናቀርበው የፈረንሳይ እቴጌ ጆዜፊን፣ ባሏ የኤውሮፓን ነገሥታት በሚያስጨንቅበት ዘመን፣ እሷ ከፍል ውሃ ወደ ፍል ውሃ እየተመላለሰች ልጅ ትለምን ነበር። የለመነችውንም አላገኘችም። በዚህ ምክንያት ትዳሯ ፈረሰ፤ ከዙፋኗም ወረደች። ሆኖም ሕይወቷ በዚያ አላበቃም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከደሴት እስከ ወህኒ ቤት

ጆዜፊን በጁን 23 ቀን 1763 በማርቲኒክ ደሴት ተወለደች። ማርቲኒክ በካሪብ ባሕር ውስጥ የምትገኝ የፈረንሳይ ግዛት ናት። የጥምቀት ስሟ ማሪ ጆዜፍ ሮዝ ሲሆን፣ ቤተ ሰቦቿ ሮዝ እያሉ ይጠሯት ነበር። አባቷ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበረው። እርሻውን የሚያለሙትም ከአፍሪካ ተግዘው በባርነት የተሸጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። የቤተ ሰቡ ኑሮ በባሪያ ጉልበት የቆመ መሆኑ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም፤ የማርቲኒክ ሰዎችም እስከ ዛሬ አልረሱትም። በ1766 ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ቤታቸውን ስላፈረሰው፣ ቤተ ሰቡ በስኳር ማምረቻው ሕንፃ ውስጥ ይኖር ጀመር።

በ1779 ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆን ወደ ፈረንሳይ ተሻግራ አሌክሳንድር ደ ቦዓርኔ የተባለውን መኰንን አገባች። ትዳሩ ደስታ አልነበረውም። ቢሆንም ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ወንዱ ዩዤን በ1781፣ ሴቷ ኦርታንስ በ1783 ተወለዱ። አንባቢ እነዚህን ሁለት ልጆች ልብ ይበል፤ ወደ ፊት የሚመጣው ነገር ሁሉ ከእነሱ ጋራ የተያያዘ ነው። ባልና ሚስቱ በ1785 በሕግ ተለያዩ።

ጥቂት ዓመታት ቈይቶ የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። አሌክሳንድር ከአብዮቱ ጋር ቢሰለፍም፣ የሽብሩ ዘመን ሲመጣ ከመከሰስ አላመለጠም። በ1794 እሱም እሷም በፓሪስ ካርም በሚባለው ወህኒ ቤት ታሰሩ። በጁላይ 23 ቀን አሌክሳንድር በጊዮቲን አንገቱ ተቈረጠ። ከአራት ቀን በኋላ ሮቤስፒየር ወደቀ፤ እሷም በኦገስት ወር ተፈታች። ሦስት ወር ተኩል ያህል የሚገደሉት ሰዎች ስም ሲጠራ እየሰማች፣ የእሷ ተራ መቼ እንደሚሆን ሳታውቅ ቈይታለች። ኋላ የተነሡ ሐኪሞች የእስር ቤቱ ፍርሃትና መከራ የወር ልማዷን ሳያዛባው እንዳልቀረ፣ ከዚያም በኋላ ለመውለድ ያልቻለችው በዚህ ሳይሆን እንደማይቀር ይገምታሉ። በዘመኑ ግን ይህን የመረመረ፣ ያስረዳትም ሐኪም አልነበረም።

ከጄኔራሉ ጋር

በማርች 9 ቀን 1796 ናፖሌዎን ቦናፓርት የተባለውን ወጣት ጄኔራል አገባች። እሱ የሃያ ስድስት፣ እሷ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰዎች ነበሩ። በጋብቻው ወረቀት ላይ ግን እሷ ዕድሜዋን ቀንሳ፣ እሱም በራሱ ላይ ጨምሮ፣ ሁለቱም ሃያ ስምንት ዓመት እንደ ሆናቸው ተጻፈ። ጆዜፊን የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ከሠርጉ ሁለት ቀን በኋላ ናፖሌዎን ወደ ኢጣልያ ዘመተ።

ገና በዚያው ዓመት ባሏ ዘንድ ወደ ኢጣልያ እንድትሄድ ስትጠራ የዘገየችው ፀንሳ ነው የሚል ወሬ ለናፖሌዎን ደረሰው። ደስታውንም በደብዳቤ ላይ ደብዳቤ እየጻፈ ገለጠላት። ወሬው ግን እውነት ሆኖ አልተገኘም። የመጀመሪያው ተስፋ እንዲህ መጥቶ እንዲህ ሄደ።

በሜይ 1798 ናፖሌዎን ወደ ግብፅ ሲዘምት፣ ጆዜፊን በቮዥ ተራራዎች መካከል ወዳለችው ወደ ፕሎምቢየር ሄደች። በአገራችን ሕመምተኛ ጠበል ወይም ፍል ውሃ እንደሚገባ፣ ፈረንሳዮችም ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ወደዚህ ስፍራ ይሄዱ ነበር። የፕሎምቢየር ውሃ ልጅ ላጡ ሴቶች ፍቱን ነው የሚል ዝና ነበረው። ሕክምናውም ቀላል አልነበረም። በሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ውሃውን መጠጣት፣ ምግብን መምረጥ፣ ይህንኑ ለብዙ ሳምንታት መደጋገም ነበር።

በጁን 20 ቀን ከእንግዶቿ ጋር ተቀምጣ ሳለች፣ አንዲት ሴት በመንገድ የሚያልፍ ትንሽ ውሻ አይታ ሌሎቹን ጠራች። ሁሉም ተሯሩጠው ወደ እንጨቱ ሰገነት ሲወጡ፣ ሰገነቱ ከነሰዎቹ ተገንጥሎ ወደቀ። ጆዜፊን ወገቧን ክፉኛ ተጐዳች፤ ለጊዜውም መራመድ ተሳናት። ሐኪሙ አልቅት አስያዘባት፤ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፋት፤ ወዲያው በታረደ በግ ትኩስ ቆዳም አስጠቀለላት። የዘመኑ ሕክምና ይህን የመሰለ ነበር። ለመውለድ ተስፋ አድርጋ የሄደች ሴት ሦስት ወር ያህል ስትታከም ከርማ፣ ተጐድታና ባዶ እጇን ወደ ፓሪስ ተመለሰች።

ስለ ጆዜፊን የሚጽፍ ሰው ጥፋቷንም መደበቅ የለበትም። ባሏ በዘመቻ ላይ ሳለ ከአንድ ወጣት መኰንን ጋር ወዳጅነት ይዛ ነበር። ናፖሌዎን ይህን በግብፅ ሲሰማ አዘነ፤ ተቈጣ፤ እሱም በበኩሉ እዚያው ሌላ ሴት ያዘ። ከዚያችም ሴት ልጅ አልወለደም። በ1799 መጸው ወደ ፓሪስ ሲመለስ ሚስቱን ለመፍታት ቈርጦ ነበር። ነገር ግን ሌሊቱን በራፉ ላይ ስታለቅስ አድራ፣ ዩዤንና ኦርታንስም ከእናታቸው ጋር ሲማልዱት ልቡ ራራና ታረቁ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ናፖሌዎን ሥልጣን ይዞ የመጀመሪያው ቆንስል ሆነ። ከዚያ ወዲያ የእነዚህ ባልና ሚስት ልጅ ማጣት የመንግሥት ጉዳይ ሆነ።

ጥፋቱ የማን ነው?

በዲሴምበር 24 ቀን 1800 ናፖሌዎን በሠረገላ ወደ ቲያትር ሲሄድ፣ በሴን ኒኬዝ መንገድ ላይ የተጠመደ ቦምብ ፈነዳ። ብዙ ሰው ሲሞትና ሲቈስል እሱ ለጥቂት ዳነ። ያን ጊዜ ሹማምንቱ ሁሉ አንድ ነገር ያስቡ ጀመር። ይህ ሰው ቢሞት የሚተካው ማን ነው? ወንድሞቹና እኅቶቹ ቀድሞውንም ጆዜፊንን አይወዷትም ነበርና፣ መካን ሚስት ይዞ ከመቀመጥ ፈትቶ ሌላ እንዲያገባ ይጐተጉቱት ጀመር።

ጆዜፊን የነበራት መከላከያ አንድ ብቻ ነበር። እሷ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ እሱ ግን ከማንም አልወለደም። ይህ ክርክር ቀላል አልነበረም። ናፖሌዎን ራሱ ችግሩ ከእሱ ይሆናል ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲጠራጠር ኖሯል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ወደ ፍል ውሃ የምትላከው ግን ሚስቲቱ ብቻ ነበረች።

በ1801 ከልጇ ከኦርታንስና ከባሏ እናት ጋር ወደ ፕሎምቢየር ተመለሰች፤ በ1802 ደግሞ ሄደች። በ1804 አኽን ወደምትባለው የፍል ውሃ ከተማ ተጓዘች፤ በ1805 እንደገና ወደ ፕሎምቢየር ሄደች። በሄደች ቍጥር የቤተ መንግሥቱ ሰው ሁሉ ወሬ ይጠብቃል። በተመለሰች ቍጥርም ዐይን ሁሉ ወደ ሆዷ ይመለከታል። ሕክምና ላይ ያለች ሴት የራሷ ጭንቀት አልበቃ ብሎ፣ የሰውንም ጥበቃ መሸከም ምን ያህል እንደሚከብድ ያየው ያውቀዋል። ጆዜፊን በዚህ ጊዜ ብዙ ታለቅስ ነበር። ልብስና ጌጥ ያለ ልክ ትገዛለች፤ ዕዳም ትገባለች። የባሏንም እርምጃ በቅናት ትከታተል ነበር። እነዚህን ሁሉ የባሕርይዋ ጉድለት ብሎ መናገር ይቻላል። ነገር ግን በየጊዜው ተስፋዋ የሚቈረጥባት ሰው መሆኗንም አብሮ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ

ጆዜፊን ሕክምናው ብቻውን እንደማይበቃ በገባት ጊዜ ሌላ መንገድ ፈለገች። ልጇን ኦርታንስን ለናፖሌዎን ወንድም ለሉዊ ዳረቻት። ሐሳቧ ግልጽ ነበር። ከእነሱ የሚወለደው ልጅ የእሷም የናፖሌዎንም ደም ያለው ስለ ሆነ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ልጅ አድርጎ ሊያወርሰው ይችላል ብላ ነው። ሠርጉ በጃንዋሪ 1802 ተደረገ። ኦርታንስና ሉዊ ግን አይዋደዱም ነበርና ትዳራቸው መራራ ሆነ። እናት የራሷን ጭንቅ ለማቃለል ስትል የልጇን ደስታ መያዣ አደረገችው። ይህ ከጆዜፊን ሥራዎች ሁሉ በጣም የሚያሳዝነው ነው።

በኦክቶበር 1802 ኦርታንስ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ናፖሌዎን ሻርል ተባለ። ናፖሌዎን ሕፃኑን እጅግ ይወደው ነበር። በሜይ 1804 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲመሠረት የወጣው ሕግ ናፖሌዎን ወንድ ልጅ ከሌለው የወንድሞቹን ልጆች ወይም የልጅ ልጆች፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው፣ እንደ ልጅ ወስዶ ለማውረስ እንዲችል ፈቀደለት። ጆዜፊን በዚህ ተጽናናች። በዲሴምበር 2 ቀን 1804 በኖትር ዳም ካቴድራል፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 7ኛ በተገኙበት፣ ናፖሌዎን ዘውዱን በገዛ እጁ ጫነላት። በዋዜማው ሌሊት ደግሞ ጋብቻቸው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተባርኮ ነበር። በ1806 ናፖሌዎን የእንጀራ ልጁን ዩዤንን በሕግ እንደ ልጁ አደረገው፤ የፈረንሳይን ዙፋን የመውረስ መብት ግን አልሰጠውም።

በዲሴምበር 13 ቀን 1806 በናፖሌዎን እኅት በካሮሊን ቤት የምታገለግል ኤሌኖር የተባለች ወጣት ከናፖሌዎን ወንድ ልጅ ወለደች። የአባትነቱ ነገር ለጊዜው ቢያጠራጥርም፣ ናፖሌዎን መውለድ እንደሚችል ማመን ጀመረ። የጆዜፊን መከላከያ ያን ቀን ተሰበረ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሜይ 1807፣ ትንሹ ናፖሌዎን ሻርል በሆላንድ ሳለ በጉሮሮ በሽታ ሞተ። ዕድሜው አራት ዓመት ተኩል ነበር። ጆዜፊን ያዘነችውን ልጇን ለማጽናናት እስከ ብራስልስ አጠገብ ድረስ ተጓዘች። የልጅ ልጇን ስትቀብር የመጨረሻ ተስፋዋንም አብራ እንደ ቀበረች ሳታውቀው አልቀረችም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የፖሊስ ሚኒስትሩ ፉሼ እሷው ራሷ ለአገር ጥቅም ብላ ፍቺ እንድትጠይቅ መከራት። ጆዜፊን ይህን የምትሰማው ከባሏ አፍ ብቻ እንደ ሆነ አስረድታ አሰናበተችው። በሰው ግፊት ሳይሆን ከባሏ ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር ፈለገች። በዚህ ነገር የያዘችው አቋም የሚያስመሰግን ነው።

የዲሴምበር ሌሊት

በ1809 በጋ ጆዜፊን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ፕሎምቢየር ሄደች። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ዓመት ነበር። በዚያው ወራት ናፖሌዎን በኦስትርያ ጦርነት ላይ ሳለ፣ ማሪያ ዋሌቭስካ የተባለች ፖላንዳዊት ከእሱ ፀነሰች። በዚህ ጊዜ ጥርጥር አልቀረም። በኦክቶበር ወርም አንድ ወጣት በቪየና አጠገብ ናፖሌዎንን በጩቤ ሊገድለው ሲሞክር ተያዘ፤ የአልጋ ወራሽ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት ሲመለስ፣ ጆዜፊን በእሱና በእሷ ክፍል መካከል የነበረው በር ተዘግቶ አገኘችው። ከንግግር በፊት ነገሩን የነገራት ያ በር ነው።

በኖቬምበር 30 ቀን 1809 በቱይለሪ ቤተ መንግሥት ከእራት በኋላ ናፖሌዎን ውሳኔውን ነገራት። ጆዜፊን ጮኻ ወደቀች፤ የቤተ መንግሥቱ ሹምና ናፖሌዎን ራሱ ደግፈው ወደ ክፍሏ አወረዷት። በዲሴምበር 15 ቀን ምሽት ቤተ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ፍቺው ታወጀ። ከዚያ በኋላ ለመውለድ ተስፋ እንደሌላት፣ ለፈረንሳይም ጥቅም ስትል መስማማቷን የሚገልጠውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች። ግን ለቅሶ ድምፅዋን ስለ ዘጋው፣ የቀረውን ሌላ ሰው አነበበላት። በማግስቱ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፍቺውን አጸደቀ። የእቴጌነት ማዕረጓ እንዲጠበቅ፣ በየዓመቱም 2 ሚሊዮን ፍራንክ ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲከፈላት ተወሰነ። በዝናብ ውስጥ በሠረገላ ሆና ማልሜዞን ወደሚባለው ርስቷ ሄደች።

ናፖሌዎን የኦስትርያን ንጉሠ ነገሥት ልጅ ማሪ ሉዊዝን በኤፕሪል 1810 አገባ። በማርች 20 ቀን 1811 የሮማ ንጉሥ የተባለው ልጅ ተወለደ፤ በፓሪስም 101 ጊዜ መድፍ ተተኰሰ። ከዓመት በኋላ ጆዜፊን ልጁን ለማየት ለመነች፤ እናትየው ሳታውቅ በፓሪስ አጠገብ ባጋቴል በተባለ ስፍራ እንዳየችው ተጽፏል። ያን ሕፃን በቂም ሳይሆን በፍቅር ለማየት መቻሏ የልቧን ስፋት ያስረዳል።

ከዚያ በኋላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ልጅ ለማግኘት ዐሥራ ሦስት ዓመት የደከመችና ያላገኘች፣ በዚሁም ምክንያት የተፈታች ሴት፣ በቀራት ዘመን ምን አደረገች?

ማልሜዞንን የገዛችው በ1799 ናፖሌዎን በግብፅ ሳለ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ አበባና ዛፍ ትወድ ነበርና፣ ከዓለም ዙሪያ የዕፀዋት ዘር ታስመጣ ነበር። በከሰል ምድጃ የሚሞቅ ትልቅ የመስተዋት ቤት አሠርታ በኤውሮፓ ብርድ የማይበቅለውን ተክል አበቀለች። በፈረንሳይ ምድር ከዚያ በፊት አብበው የማያውቁ ብዙ የአበባ ዓይነቶች መጀመሪያ ያበቡት በእሷ አትክልት ቦታ ነው። ጽጌረዳዎቿ በኤውሮፓ ሁሉ የታወቁ ነበሩ። ጥቁር የአውስትራልያ ዝይ የመሰሉ የውሃ ወፎችም በኩሬዋ ላይ ይዋኙ ነበር። ኤሜ ቦንፕላን የተባለው ዝነኛ የዕፀዋት ሊቅ የአትክልቷ ኀላፊ ሆኖ ሠርቷል። ሠዓሊው ሩዱቴም አበቦቿን እየሣለ ለትውልድ አቈይቷል።

ከፍቺው በኋላ ይህ ሥራ ኑሮዋ ሆነ። በዩዤንና በኦርታንስ ልጆች መካከል ተቀምጣ አያት ሆና ኖረች። የኦርታንስ ልጆች በማልሜዞን ግቢ ይሯሯጡ ነበር። ቂምና ፀብ ይዛ ከሰው አልተለየችም። በዕዳ መዘፈቋን ግን እስከ መጨረሻ አልተወችም። በ1814 ናፖሌዎን ከሥልጣን ወርዶ ወደ ኤልባ ደሴት በተጋዘ ጊዜ፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንድር 1ኛ ሳይቀር በማልሜዞን ጐብኝቷታል። በሜይ ወር ብርድ መታት፤ በሽታውም ወደ ሳንባዋ ወርዶ በሜይ 29 ቀን 1814 ዐረፈች። ዕድሜዋ አምሳ ዓመት ነበር። ሥጋዋ በሩዌይ ቤተ ክርስቲያን ዐርፏል።

ከሞቷ በኋላ የሆነው ደግሞ የሚያስገርም ነው። ትዳሯ የፈረሰበት አልጋ ወራሽ፣ የሮማው ንጉሥ፣ በፈረንሳይ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሳይገዛ፣ ልጅም ሳይወልድ፣ በ1832 በቪየና አጠገብ በሃያ አንድ ዓመቱ ሞተ። በ1852 ናፖሌዎን 3ኛ ተብሎ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት የሆነው የኦርታንስ ልጅ፣ የጆዜፊን የልጅ ልጅ ነው። የዩዤን ልጅ፣ በአያቷ ስም የተጠራችው ጆዜፊን፣ የስዊድንና የኖርዌይ ንግሥት ሆነች። ዛሬም በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክ፣ በቤልጅግና በሉክሰምቡርግ የሚነግሡት ቤተ ሰቦች ከጆዜፊን ዘር የሚቈጠሩ ናቸው። መካን ተብላ የተሰናበተችው ሴት የነገሥታት አያት ሆነች። በትውልድ ደሴቷ በማርቲኒክ ግን የድንጋይ ሐውልቷ በ1991 ራሱ ተቈረጠ፤ በ2020 ደግሞ ጨርሶ ተገረሰሰ። ናፖሌዎን በ1802 በቅኝ ግዛቶች የባርነትን ሥርዓት ማጽናቱን የደሴቲቱ ሰዎች ከእሷ ስም ጋር አያይዘው ያስታውሱታልና።

ከታሪኩ የምንማረው

ወጣት አንባብያን፣ ብዙዎቻችሁ ትዳር ለመያዝ የተዘጋጃችሁ ወይም በቅርቡ የያዛችሁ ናችሁ። ከጆዜፊን ሕይወት ሦስት ነገር ብትይዙ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ ልጅ ሲጠፋ ጥፋቱን ፈጥኖ በሴት ላይ መጣል ስሕተት ነው። ዛሬ የሕክምና ሳይንስ እንዳረጋገጠው፣ ልጅ ካጡት ባልና ሚስቶች ውስጥ ወደ ግማሽ በሚጠጉት ችግሩ ከባልም ወገን ይገኛል። ስለዚህ ምርመራው የሁለቱም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው፣ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ዘመን ይህ ችግር ያጋጥመዋል። በሥራ ቦታችሁ ባልንጀራ በሆኑ ሰዎች መካከል ይህን ሸክም ዝም ብለው የተሸከሙ እንዳሉ ዕወቁ። መቼ ትወልዳላችሁ እያላችሁ አትጠይቋቸው።

ሁለተኛ፣ ሕክምና ሳይሳካ መቅረቱ የታካሚው ውርደት አይደለም። የጆዜፊን ዘመን አልቅትና የበግ ቆዳ አልፎ፣ በ1978 በእንግሊዝ አገር ከማኅፀን ውጭ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን ተወለደች። ከዚያ ወዲህ ሚሊዮኖች በዚሁ ዘዴ ተወልደዋል። ቢሆንም በዛሬውም ሕክምና አንድ ዙር ሞክረው የማያገኙት ከሚያገኙት ይበዛሉ። ያልተሳካላቸው ባልና ሚስት ማዘናቸው ተገቢ ነው፤ ኀዘኑም ጊዜ ይፈልጋል። በኀዘኑ ማግስት ወዲያው ለሚቀጥለው ከመቸኰል፣ ሐኪሙ ለምን እንዳልሠራ እንዲያስረዳቸው ጠይቀው፣ አቅማቸውን፣ ገንዘባቸውንና ጤናቸውን መዝነው፣ ሁለቱ ብቻቸውን ቢመክሩ ይሻላል። ናፖሌዎንና ጆዜፊን ይህን ምክር ለብቻቸው ለመምከር አልታደሉም። ወንድምና እኅት፣ ሚኒስትርና ሹም በመካከላቸው ገብቶ መከረላቸው። የሌላ ሰው ድምፅ በበዛበት ቤት የራስን ልብ መስማት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ የሚቀጥለው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። እንደገና መሞከርም፣ የዘመድ ወይም ወላጅ ያጣ ልጅ ማሳደግም፣ ያለ ልጅ በፍቅር መኖርም ሁሉም የተከበሩ መንገዶች ናቸው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው፣ ጆዜፊን በኦርታንስ ላይ እንዳደረገችው፣ የራስን ጉድለት ለመሙላት የሌላውን ሰው ሕይወት መሣሪያ ከማድረግ ነው። ልጅ ለራሱ ሲባል ይፈለጋል እንጂ ትዳር ለማዳን ተብሎ አይደለም።

ጆዜፊን እስከ አርባ ስድስት ዓመቷ ድረስ ዋጋዋን በማኅፀኗ ስትለካ ኖረች፤ ዘመኑም ሌላ መለኪያ አልሰጣትም። የለመነችው ልጅ ባይሰጣትም፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያላትን ይዛ መኖር ቻለች። ወልዳ ያሳደገቻቸው ሁለት ልጆች እስከ መጨረሻ አልተለዩዋትም፤ በሞተችም ጊዜ በአልጋዋ አጠገብ ነበሩ።